ጭረትን ማንበብ፦ የመኪና ቀለምና የእጅ ጥገና ታሪክ ከከሚሴ መንገድ ዳር

(በከሚሴ ከተማ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለነዋሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ትምህርታዊ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



ከታሪክ መምህር የሚጠበቀው ስለ ዘመቻ፣ ስለ ውል፣ ስለ ሥርወ መንግሥት እንዲናገር ነው። እኔ ዛሬ በፊታችሁ የቆምኩት ስለ መኪና ጭረት ልናገር ነው። ርእሱን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም፤ ያወጣልኝ የዚህ ከተማ ልጅ ነው። ስለዚህ በእርሱ ልጀምር።

ባለፈው ዓመት ለዘመድ ጥየቃ ወደ ከሚሴ መጥቼ መኪናዬን ገበያው አጠገብ አቁሜ ነበር። ስመለስ በነጩ የኋላ በር ላይ አንድ ክንድ የሚያህል ሰማያዊ መስመር ተጋድሞ አገኘሁ። ባጃጅ ታክኮት ነው። ሹፌሩ ሃያ ዓመት የሞላው አይመስልም። አልሸሸም፤ ቆሞ ጠበቀኝ። ወዲያው ሁለት አባቶች መካከላችን ገቡ። አንዱ በአማርኛ ለእኔ፣ ሌላው በኦሮምኛ ለልጁ ይናገራሉ። የቀለም ዋጋ ተነሣ፣ ተጣለ፣ እንደገና ተነሣ። በመጨረሻ ገንዘቡ ቀርቶ ጭረቱን እኔው ራሴ ላጠፋው፣ ልጁም በማግሥቱ መጥቶ ሊያግዘኝ ተስማማን፤ ተመራርቀንም ተለያየን።

በማግሥቱ ማለዳ መጣ። ውኃ ቀዳልኝ፣ ጨርቅ አጠበልኝ፤ ሥራውን ዓይኑን ሳይነቅል ተመለከተ። ሰማያዊው መስመር እየሳሳ ሲጠፋ፣ "ጋሼ፣ ይህን ዩኒቨርሲቲ ነው እንዴ የሚያስተምሩት?" አለኝ። አይደለም፣ አጎቴ ነው ያስተማረኝ አልኩት። "ታዲያ የት ተጽፎ ይገኛል?" ሲል መለሰ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ለተቃረበ ጊዜ ታሪክ ሳስተምር፣ ከአጎቴ እጅ ስለተማርኩት ነገር አንዲት መስመር እንኳ እንዳልጻፍኩ ያን ጊዜ አስተዋልኩ። የዛሬው ንግግር ለዚያ ልጅ የዘገየ መልስ ነው።

መንገዱ

ከሚሴን ያለ መንገዱ ማሰብ ያስቸግራል። ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር በሚጠጋ ቆላማ ሜዳ ላይ፣ የቦርከና ወንዝና የጨፋ ረግረግ አጠገብ ተቀምጣለች። ከጣርማ በር ቁልቁል የወረደ መኪና ደብረ ሲናን፣ ሸዋ ሮቢትን፣ አጣዬንና ካራ ቆሬን አልፎ ይደርስባታል። ከዚህ የተነሣም ሐርቡን አልፎ ወደ ኮምቦልቻና ወደ ደሴ ይወጣል። ጤፍና ማሽላ የጫነው፣ ከብት የጫነው፣ ከጅቡቲ በባቲ በኩል ሸቀጥ ይዞ የመጣው ሁሉ በዚህ አካባቢ ይተላለፋል። መኪና ከመኪና የሚተላለፍበት ቦታ ሁሉ ደግሞ መኪና ከመኪና የሚፋተግበት ቦታ ነው።

በዚህ መስመር ላይ ሞተርና ጦርነት ተከታትለው መጡ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኅዳር 1928 ዓ.ም. ወደ ደሴ የዘመቱት በመኪና ነበር። ከአምስት ወር በኋላ፣ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም.፣ ደሴን የያዘው የማርሻል ባዶሊዮ ጦር ከ1,500 የሚበልጡ ተሽከርካሪዎችን አሰልፎ በዚሁ አቅጣጫ ወደ አዲስ አበባ ወረደ። ጣርማ በር ላይ ኢትዮጵያውያን መንገዱን ስላፈረሱት ሰልፉ ለመቆም ተገደደ፤ መኪኖቹ በሰው ጉልበት እየተጎተቱና መንገዱ እየተጠገነ አለፈ። አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን ነው። በቀጣዮቹ አምስት ዓመታት ጣሊያኖች የአስመራና የአዲስ አበባን አውራ ጎዳና ሠሩ፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይም የጣርማ በርን ተራራ ሰርስረው ከ500 ሜትር የሚረዝመውን ዋሻ ከፈቱ።

ከነጻነት በኋላ መንገዱን መጠበቅ የመንግሥት ሥራ ሆነ። በመስከረም 1943 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለአውራ ጎዳና 5 ሚሊዮን ዶላር ከዓለም ባንክ ተበደረች። በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬና በማጀቴ ላይ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን ሲያፈርስ ጎዳናውንም ሰነጣጠቀው። በ1965 ዓ.ም. በወሎ ረሃብ ጊዜም የተራቡ ሰዎች ወደዚህ ጎዳና ወጥተው የሚያልፉትን መኪኖች እያስቆሙ እርዳታ ለምነዋል። ስለ መኪና ስናወራ ይህን መርሳት አይገባንም። መንገዱ በላዩ የሚሄደውን ብቻ ሳይሆን በዳሩ የቆመውንም ያያል።

ቃላቱ

የታሪክ ተማሪ ሰነድ ባላገኘበት ቦታ ቋንቋን መጠየቅ አለበት። እስኪ ወደ አንድ ጋራዥ ገብታችሁ ዝም ብላችሁ አዳምጡ። ኮፈን፣ ፓራፋንጎ፣ ፓራውልት፣ ስፖኪዮ፣ ፍሬቻ፣ ቸርኬ፣ ማርሚታ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ብሎን፣ ጎማ። በሰነድ በኩልም ታርጋና ቦሎ አሉ። እነዚህ ሁሉ የጣሊያንኛ ልጆች ናቸው። "ኤንትሬ" እያልን የምንጠራው የጭነት መኪናም የፊያት 682 ኤን 3 የሞዴል ስም በጣሊያንኛ ሲነበብ ነው። "መኪና" የሚለው ቃል ራሱ ማኪና ከሚለው ጣሊያንኛ የመጣ ነው።

የአገሩ ቋንቋዎች ግን ዝም ብለው አልተቀበሉም። አማርኛ "ተሽከርካሪ" አለ፤ ኦሮምኛ "ኮንኮላታ" አለ። ሁለቱም ነገሩን ከመሽከርከሩ፣ ከመንከባለሉ ተነሥተው ሰየሙት። በአንድ ገበያ የሚገናኙ ሁለት ቋንቋዎች አንድን አዲስ ነገር በተመሳሳይ ዓይን አይተውታል። የዚህ ዞን ሰው ይህን ለማወቅ መዝገበ ቃላት አያስፈልገውም።

ከጥገና ቃላት ሁለቱን ለብቻ ላንሣ። አንደኛው "ስቱኮ" ነው። በጣሊያን አገር የግንብ ልስንም የመሙያ ልቁጥም ስም ነው፤ እኛ ጋ የተጎዳ ላሜራ ከተቃና በኋላ የቀረውን ጎድጓዳ የሚሞላው ነው። ሁለተኛው "ባትላሜራ" ነው። ትርጉሙ ላሜራ የሚመታ፣ የሚቀጠቅጥ ማለት ነው። በዚህ ቃል ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ከጀርባው አንድ ትልቅ ማኅበራዊ ጉዳይ ቆሟልና።

ቀጥቃጩ

በታሪካችን ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ክብር አልነበረውም። የሚያርስበትን ማረሻ፣ የሚዋጋበትን ጦር፣ የሚላጭበትን ምላጭ የሚሠራለትን ሰው ኅብረተሰቡ ቀጥቃጭ፣ ጠይብ፣ ባለ ቡዳ እያለ ሲሰድበው ኖሯል። ከጋብቻ ይለየዋል፤ ከማዕድ ይገፋዋል።

በ1900 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች በአንድ ዓመት ሆኑ። ቤድ ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ ለዳግማዊ ምኒልክ መኪና አዲስ አበባ አደረሰ። በዚያው ዓመት ምኒልክ የእጅ ባለሙያን በሥራው መሳደብን የሚከለክል አዋጅ አወጁ። ሁለቱን ነገሮች አንድ ምክንያት አገናኛቸው ብዬ አልከራከርም። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ብረት ሠሪን እየናቁ የብረትን ዘመን መቀበል እንደማይቻል የተረዱ ይመስለኛል።

አዋጅ ስድብን ይከለክላል እንጂ አክብሮትን አይፈጥርም። ክብር በሌላ በር መጣ፤ በጋራዥ በር። ከጣሊያን ሽንፈት በኋላ በአገራችን የቀሩ ጣሊያን መካኒኮች ኢትዮጵያውያን ለማጆችን ይዘው ሠሩ። በዚያ ቤት ውስጥ መዶሻ አንሥቶ ብረት የሚመታው ወጣት "ቀጥቃጭ" አልተባለም፤ "ባትላሜራ" ተባለ። ሥራው ያው ነው፤ መዶሻው ያው ነው። ቃሉ ግን የውጭ ስለ ነበረ የቆየውን ንቀት ተሸክሞ አልመጣም። ወላጅ ልጁን ለቀጥቃጭ አይሰጥም ነበር፤ ለባትላሜራ ግን አማላጅ ልኮ ያስቀጥር ጀመር።

ታሪክ አንዳንዴ ዞሮ ይመለሳል። ዛሬ በዚህ ጎዳና ላይ ሰው ከሚያመላልሱት መካከል የጭነት መኪና ሻሲ ላይ አካላቸው አገር ውስጥ የተሠራላቸው መካከለኛ አውቶቡሶች አሉ። ስማቸው ምንድን ነው? "ቅጥቅጥ"። ለዘመናት የስድብ ምንጭ የነበረው ግሥ በመናኸሪያ ተራ አስከባሪ አፍ ላይ ያለ ምንም ኀፍረት የመኪና ስም ሆነ። እኔ ይህን ከብዙ አዋጆች የበለጠ ማስረጃ አድርጌ እወስደዋለሁ።

ቀለሙ

አሁን ወደ ቀለሙ እንምጣ። መኪና በቤት ውስጥ ሊጠገን የሚችለው ምን ያህል እንደሆነ የሚወስነው የቀለሙ ዓይነት ስለ ሆነ፣ የቀለም ታሪክ የጠጋኙም ታሪክ ነው።

የመጀመሪያዎቹ መኪኖች እንደ ሠረገላ በብሩሽና በቫርኒሽ ነበር የሚቀቡት። ብዙ ድርብ ስላለው፣ እያንዳንዱም እስኪደርቅ ስለሚጠበቅ አንድ መኪና ለሳምንታት ይቆያል። የፎርድ ሞዴል ቲ እ.ኤ.አ. ከ1914 እስከ 1925 በጥቁር ብቻ የተሸጠው ፋብሪካው ፈጣንና ርካሽ ምርት ስለ ፈለገ ነው። ለውጡ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1923 ነው። ዱፖንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ዱኮ የሚባለውን የናይትሮሴሉሎስ ቀለም አወጣ፤ የጄኔራል ሞተርስ ኦክላንድ መኪኖችም በእርሱ ተቀብተው ገበያ ወጡ። በመርጫ የሚረጭ፣ በሰዓታት የሚደርቅ ቀለም ነበር። የጋራዥ ቀቢ ለማለት የምንችለው ሙያ በእውነት የተወለደው ያን ጊዜ ነው።

መሣሪያዎቹም በዚያው ዘመን ተሠሩ። ስሪኤም የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1921 ውኃ የማያበላሸውን የብርጭቆ ወረቀት ለገበያ አቀረበ፤ ቀቢው ከደረቅ አቧራ ይልቅ በእርጥብ ማለስለስ ቻለ። እ.ኤ.አ. በ1925 የዚያው ኩባንያ ሠራተኛ ሪቻርድ ድሩ፣ ሁለት ቀለም የሚቀቡ የጋራዥ ሰዎች የሸፈኑበት ማጣበቂያ ቀለም እየላጠ ሲያስቸግራቸው አይቶ፣ ሳይልጥ የሚነሣውን የወረቀት ፕላስተር ፈለሰፈ። ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የምነግረው ምክንያት አለኝ። ፈጠራው የተጀመረው ጋራዥ ውስጥ ከተሰማ እርግማን እንጂ ከላቦራቶሪ አይደለም። በእኛ አገር ፕላስተሩ ሲገኝ አብሮት የሚሠራው አሮጌ ጋዜጣ ነው። በዘመናት ስንት ርእሰ አንቀጽ በመኪና መስታወት ላይ ተለጥፎ በቀለም ጭጋግ እንደ ጠፋ ሳስብ የታሪክ ሰው ልቤ ያዝናል።

ከዚያ በኋላ ቀለሙ እየጠነከረ፣ ጥገናውም እየከበደ ሄደ። የቀድሞው ቀለም አንድ ዓይነት ነበር፤ ሲወለወል ጨርቁ ላይ የመኪናውን ቀለም ታያላችሁ። ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ በስፋት የተለመደው ግን ባለ ድርብ ነው። ከላሜራው በላይ ፀረ ዝገት ሽፋን፣ በላዩ መሠረት ቀለም፣ ከዚያ ዋናው ቀለም፣ ከሁሉ በላይ መስታወት የሚመስል ገላጭ ሽፋን። ይህ ሁሉ ተደምሮ ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው። የላይኛው ገላጭ ሽፋን ብቻውን ከ40 እስከ 50 ማይክሮን አይበልጥም፤ ከአንድ ጠጉር ውፍረት ያነሰ ማለት ነው። በቤት ውስጥ የምናደርገው ጥገና ሁሉ በዚያች ጠጉር ውስጥ የሚደረግ ነው።

ጭረቱ

አጎቴ ጭረት ሲያይ መጀመሪያ እጁን አያነሣም ነበር፤ ያያል። እኔ ከብዙ ዓመት በኋላ በዩኒቨርሲቲ የምንጭ ሂስ የሚባለውን ስማር የተማርኩት ነገር ከእርሱ ትዕግሥት ብዙም አይርቅም። ምንጩ ምን ይላል? ማን ጻፈው? ምን ያህል ጥልቅ ነው? ከላዩ ላይ ሌላ እጅ ጨምሮበታል?

የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ጭረት ነው ወይስ የሌላ ቀለም ነው? የሚል ነው። በእኔ መኪና ላይ የነበረው ሰማያዊ መስመር ባብዛኛው ከእኔ የጎደለ አልነበረም፤ ከባጃጁ የተጨመረ ነው። የተጨመረውን ለማንሣት አዲስ ቀለም መቀባት ስህተት ነው። ቦታው በሳሙናና በብዙ ውኃ ይታጠባል፤ የጨፋ አቧራ ራሱ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ስለሚቧጥጥ ሳይታጠብ አይታሽም። ከዚያ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጥቂት ነጭ ጋዝ ተነክሮ፣ መጀመሪያ በማይታይ ቦታ ተሞክሮ፣ በቀስታ ይታሻል። ቲነር ግን የባጃጁን ከማንሣቱ በፊት የራሳችሁን ሊያቀልጥ ይችላል፤ በተለይ አንድ ጊዜ ጋራዥ የገባና በርካሽ ቀለም የተቀባ መኪና ላይ። ቡና የሚፈላበት ምድጃ ባለበት ግቢ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ፈጽሞ አይከፈትም።

የተጨመረው ከተነሣ በኋላ የጎደለው ይታያል። እዚህ ሁለት ፈተናዎች አሉ። አንደኛው ውኃ ነው፤ ጭረቱ ሲረጥብ የሚጠፋ፣ ሲደርቅ የሚመለስ ከሆነ ጉዳቱ ከላይኛው ገላጭ ሽፋን አልወረደም። ሁለተኛው ጥፍር ነው፤ ጥፍር በጭረቱ ላይ ሲሄድ ካልተያዘ በማለስለሻ ኮምፓውንድ፣ በመጨረሻም በፖሊሽ ይወጣል። ጥፍር በጥቂቱ ከያዘ 2000 ወይም 3000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በውኃ ተነክሮ፣ በጣም በጥቂቱ፣ ከዚያም ኮምፓውንድ ይከተላል። እዚህ ላይ የሚያጠፋው ስንፍና አይደለም፤ ትጋት ነው። አብዝቶ የፈገፈገ ሰው ያችን ጠጉር ጨርሶ ዋናውን ቀለም ይነካል። የጥርስ ሳሙና ይሠራል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ በውስጡ ረቂቅ ፈጊ ነገር ስላለ ለቀላል ጭረት ያገለግላል፤ ጥፍር ለያዘው ግን መድኃኒት አይደለም።

ጥፍር ገብቶ ከቆመ፣ በጭረቱ ሥር ነጭ ወይም ግራጫ መሠረት ወይም የብረት ብልጭታ ከታየ፣ ማለስለስ ዋጋ የለውም፤ የጎደለው መሞላት አለበት። ዝገት ካለ ተፍቆ ይወጣል፤ ብረቱ ፀረ ዝገት ቀለም ይቀባል። ከዚያ ዋናው ቀለም በቀጭን ብሩሽ፣ በስስ በስሱ፣ እያንዳንዱ ድርብ እስኪደርቅ እየተጠበቀ ይጨመራል። የቀለሙ መለያ ቁጥር መኪናው ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ ይገኛል፤ ብዙ ጊዜ የበሩ ምሰሶ ወይም ኮፈኑ ሥር ነው። በአገራችን በብዛት የምናየው የቶዮታ ነጭ ቁጥሩ 040 ነው። ሥራው በጥላ፣ በማለዳ፣ ላሜራው ሳይግል ይሠራል። በከሚሴ ቀትር ፀሐይ የተቀባ ቀለም ከላይ ቶሎ ደርቆ ከሥር ሳይደርቅ ይቀራል፤ ይኮማተራልም። በክረምት ደግሞ ብረቱ እርቃኑን አንድ ሌሊት ማደር የለበትም።

አዲሱ ጥገና ጨርሶ እንዲጠፋ አትድከሙ። አጎቴ፣ "እኔ የማጠፋው ዝገቱን ነው እንጂ ታሪኩን አይደለም" ይል ነበር። በጥሩ ሁኔታ የተጠገነ ጭረት ሦስት እርምጃ ርቆ ለቆመ ሰው አይታይም፤ ለሚቀርበው ግን ይታያል። የቤት ጥገና ዓላማውም ይኸው ነው።

እጥረቱ

ይህ ሁሉ ጥበብ በመካከላችን የተስፋፋው ሀብታም ስለ ሆንን አይደለም። የእንግሊዙ የቴክኖሎጂ ታሪክ ምሁር ዴቪድ ኤጀርተን እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የቴክኖሎጂ ታሪክ የፈጠራ ታሪክ ብቻ ሳይሆን የአጠቃቀምና የጥገና ታሪክ ሊሆን እንደሚገባ ተከራክሯል። መኪና ያልፈለሰፈች አገር በፈጠራ ታሪክ ውስጥ ቦታ የላትም፤ በጥገና ታሪክ ውስጥ ግን ከፊተኞቹ ተርታ ትቆማለች።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። በደርግ ዘመን ከሶቪየት ኅብረት የመጣው ላዳ በብዙዎቻችን ትውስታ ውስጥ ሰማያዊና ነጭ ታክሲ ነው። ላዳ በመሠረቱ የፊያት 124 ልጅ ነው፤ የተሠራበት ፋብሪካም በጣሊያናዊው ኮሚኒስት በፓልሚሮ ቶሊያቲ ስም በተሰየመች ከተማ ከፊያት ጋር በተደረገ ውል የተተከለ ነው። በጣሊያን ጋራዥ ያደገው ባትላሜራ ላዳ ሲቀርብለት ዘመዱን ያየ ያህል አልተደናገጠም። የመለዋወጫ እጥረት ሲበረታም ያንኑ ላዳ ለአሥርት ዓመታት አቆየው። ሻሲው አንድ ሆኖ ቀለሙ አምስት ጊዜ የተደረበበት መኪና አይቻለሁ፤ በተላጠበት ቦታ ቀለሞቹን እንደ መሬት ንብርብር መቁጠር ይቻል ነበር።

ዛሬም መንገዱ ወደዚያው ያመለክታል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ዕድሜያቸው በገፋ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከፍተኛ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት አስታወቀ። ስለዚህ በእጃችን ያለው መኪና የመጨረሻው ነዳጅ በል ሊሆን ይችላል፤ ዕድሜው የሚረዝመውም በጠጋኝ እጅ ነው። ኤሌክትሪኩም ቢሆን ሞተሩ ይለወጥ እንጂ ቆዳው ያው ላሜራ፣ ያው ፕላስቲክ፣ ያው ቀለም ነው። ባጃጅ ኤሌክትሪክ ቢሆንም ይታከካል።

ቆርቆሮዎቹ

ወደ መጨረሻው ደርሻለሁ። ከዚህ በፊት ለማንም ያልተናገርኩትን አንድ ነገር ልናገር።

አጎቴ በዚሁ መስመር ላይ ባለ አንድ ከተማ ጋራዥ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቀለም ቀቢ ሆኖ ሠርቷል። ቀለም በማሽን መቀላቀል ባልነበረበት ዘመን በዓይኑ ይቀላቅል ነበር። አንድ መኪና ሲያልቅ ከዘይት ቆርቆሮ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ይቆርጥና ያንኑ ቀለም ቀብቶ ያስቀምጣል። ከጀርባዋ በምስማር ጭሮ ይጽፍባታል፤ ሦስት እጅ ነጭ፣ ግማሽ ጥቁር፣ ሁለት ጠብታ ቢጫ፤ ዓመተ ምሕረቱንና የመኪናውን ዓይነት ያክልበታል። በክረምት ዕረፍቴ እየሄድኩ ሳግዘው እነዚያ ቆርቆሮዎች በሽቦ ተሰክተው ግድግዳው ላይ እንደ ዶቃ ተንጠልጥለው አስታውሳለሁ። ነፋስ ሲነካቸው ይንሿሹ ነበር።

አጎቴ በሳል ሞተ። አፉን በጨርቅ ሸፍኖ ነበር የሚረጨው። ሁለት ዓይነት እየተቀላቀለ የሚጠነክረው ዘመናዊ ቀለም በማጠንከሪያው ውስጥ አይሶሳያኔት የሚባል ነገር አለው፤ ይህ የሠራተኛ አስም የሚያስከትል መሆኑ በሕክምናው ዓለም የታወቀ ነው፤ ጨርቅም አያግደውም። ከአሮጌ ቀለም የሚፋቀው ብናኝ ደግሞ እርሳስ ሊኖረው ይችላል። በአገራችን በቀለም ውስጥ ያለውን እርሳስ በ90 ፒፒኤም የወሰነው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ ለአጎቴ ዘገየ። በቤታችሁ ጭረት የምትጠግኑ ሰዎች፣ በእርጥብ ፈግፍጉ እንጂ በደረቅ አትፈግፍጉ፤ ባለ ሁለት ቅልቅል ቀለም በግቢያችሁ አትርጩ። ጋራዥ ውስጥ ያለ ለማጅ ልጅ ግን ይህን ምርጫ አያገኝም። እርሱን የሚጠብቀው የእኛ ምክር ሳይሆን አሠሪው የሚገዛለት ትክክለኛ የመተንፈሻ መከላከያና ያን የሚቆጣጠር ሰው ነው።

አጎቴ በሞተ በአርባው ቤተሰቡ የዕቃ ቤቱን ለማጽዳት ተሰበሰበ። የዶክትሬት ጥናቴን ከጨረስኩ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። ለጥናቱ ስል በባዕድ አገር ቤተ መዛግብት የተቀደደ ደብዳቤ እንኳ በጓንት ይዤ አንብቤያለሁ። ቆራሌው በሩ ላይ መጥቶ ሲጣራ፣ ሽቦውን ከግድግዳው ያወረድኩት እኔ ነኝ። በኪሎ መዘነው። ከባዶ ጠርሙስና ከአሮጌ ባትሪ ጋር አብሮ ወሰደው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚህ ጎዳና ላይ ያለፉ መኪኖች ቀለም፣ ቀን የተጻፈበት፣ በአንድ እጅ የተጻፈ ማኅደር ነበር። ሰነድ መሆኑ አልታየኝም፤ ወረቀት ስላልነበረ።

ከቀጥቃጩ ጋር የነበረው ንቀት በአዋጅም በባትላሜራም ያለቀ መስሎን ነበር። አላለቀም፤ እኔ ዘንድ ነበር፤ ምሁር ነኝ በሚል ልብሴ ውስጥ።

ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ የምጠይቃችሁ ትንሽ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ርእስ ስትፈልጉ ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ በጎዳናው ግራና ቀኝ ያሉትን ጋራዦች ተመልከቱ። ሽማግሌውን ባትላሜራ ከማን እንደ ተማረ፣ መጀመሪያ የነካው መኪና ምን እንደ ነበረ፣ ቀለም እንዴት እንደሚቀላቅል ጠይቁት። በሚቀልለው ቋንቋ ያውራ፤ በአማርኛም በኦሮምኛም ቅዱት። ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለ ነገር ካያችሁ ፎቶ አንሡት፤ ምን እንደሆነም ጠይቁ። ከሁሉ በፊት ሲስል ከሰማችሁ ስለ ሳሉ ጠይቁት።

ባጃጅ ነጂውን ልጅ ዛሬ ጋብዤው ነበር፤ የሥራ ሰዓት ስለ ሆነ ይመጣ አይመጣ አላውቅም። ከመጣ፣ "የት ተጽፎ ይገኛል?" ላልከኝ ጥያቄ መልሴ ይህ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ተጽፏል። የጎደለውን ደግሞ እናንተ ትሞሉታላችሁ፤ በስስ በስሱ፣ እያንዳንዱ ድርብ እስኪደርቅ እየጠበቃችሁ።